ሽልማቱ ማንን ይጠራል?

ውድ ወጣቶች፣

በአማርኛ ጥሩ ጽሑፍና ጥሩ ምስል የሚሰበሰብበት የኢንተርኔት ማኅበረሰብ ለማቋቋም የተነሣችሁ፣ ተሳታፊዎቻችሁንም በነጥብ፣ በሞባይል ካርድ ወይም በገንዘብ ለማበረታታት ያሰባችሁ ሁሉ፣ ጥቅመኛ ሳይወርረን እንዴት እንደግ ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ሠላሳ ዓመት ያህል በአርታኢነት ስሠራ ከሁሉ በላይ ዋጋ ያስከፈለኝ ጥያቄ ይኸው ስለሆነ፣ በአጭር ቃል ከማልፈው በደብዳቤ ልመልስላችሁ ወደድሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና ባልደረቦቼ፣ ሰዎች ስለ ግብርና፣ ስለ ጤናና ስለ ታሪክ የሚጠይቁበት፣ የሚያውቁ ደግሞ የሚመልሱበት አነስተኛ የአማርኛ መድረክ ከፍተን ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚመልሱልን ከአርባ አይበልጡም ነበር፤ አንዲት አዋላጅ ነርስ፣ አንድ የገጠር መምህር፣ ጡረታ የወጡ አንድ የሰብል ባለሙያ፣ ሌሎችም። ዕድገቱ የዘገየ መሰለንና ለእያንዳንዱ መልስ የሞባይል ካርድ እንደምንልክ በቴሌግራም አስታወቅን። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የሚደርሰን መልስ አንብበን ከምንጨርሰው በላይ ሆነ። ከሌላ ቦታ ቃል በቃል የተገለበጠ፣ በማሽን ተተርጉሞ ሳይነበብ የተላከ፣ አንዱ መልስ አምስት ቦታ ተቆርጦ አምስት ካርድ የተጠየቀበት፣ በሦስት አካውንት ራሱን በራሱ የሚያመሰግን ሰው፣ ሁሉም መጣ። ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን የሰብል ባለሙያው ነገር ነው። ስለ ስንዴ ቢጫ ዋግ ለጠየቀ አንድ የገበሬ ልጅ ሁለት ቀን ደክመው ያዘጋጁት መልስ ከሃያ ባለሁለት መስመር መልሶች ሥር ተቀብሮ ዋለ፤ እሳቸውም አንድ ቃል ቅሬታ ሳያሰሙ መጻፋቸውን ተዉ።

በጊዜው ጥፋቱን በመጡት ሰዎች ላይ ጣልን። ቆይቼ ሳስበው ግን ማስታወቂያችን «መልስ ላኩ፣ ካርድ ውሰዱ» ብሎ ስለነበር የመጡት የጠራናቸው ሰዎች ነበሩ። ሥራ አጥቶ ቀኑን በስልኩ የሚያሳልፍ ወጣት እኛው ባቀረብንለት ስሌት ቢጠቀም ያፈረሰው ደንብ የለም። ስለዚህ ልጆቼ፣ ጥቅመኛን በምን እናባርር ብላችሁ ከመጨነቃችሁ በፊት ሽልማታችሁ ማንን እንደሚጠራ መርምሩ። አስቀድሞ የተነገረ፣ በቁጥር የሚለካና ቶሎ የሚከፈል ሽልማት የሚጠራው ቁጥር ማብዛት የሚችለውን ሰው ነው፤ በእጁ ሙያ ያለው ሰው ደግሞ ለዚያ ጊዜ የለውም።

ይህ በእኛ ትንሽ ቤት ብቻ የደረሰ አይደለም። ስቲሚት የተባለው መድረክ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲጀመር፣ ለጸሐፊውም ሆነ ጥሩ ጽሑፍ መርጦ ድምፅ ለሚሰጠው አንባቢ በብሎክቼይን (በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ በሚያዝ የጋራ መዝገብ) አማካይነት ቶክን፣ ማለትም የሚሸጥ የሚለወጥ ዲጂታል ገንዘብ፣ ስለሚከፍል ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። የመጀመሪያው ክፍያ በዚያው ዓመት ጁላይ 4 ከተፈጸመ በኋላ የቶክኑ ዋጋ በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ እጥፍ ጨመረ፤ ሰውም ጎረፈ። የአንድ ሰው ድምፅ ክብደት የሚወሰነው ግን በያዘው ቶክን መጠን ነበር። በ2017 የስሌቱ ቀመር ተለውጦ ክፍያው ከድምፁ ክብደት ጋር እኩል እንዲሄድ ሲደረግ፣ ትንሽ ቶክን የያዙትን ለመጥቀም የታሰበው ለውጥ ሌላ በር ከፈተ። ብዙ ቶክን የያዘ ሰው የሌላውን ጽሑፍ አንብቦ ከመምረጥ ይልቅ ለራሱ ባለሁለት መስመር ጽሑፍ ድምፅ መስጠት አዋጣው፤ ድምፅን በዋጋ የሚሸጡ ቦቶችም (በራሳቸው የሚሠሩ ፕሮግራሞች) በዙ። እዚህ ላይ ብዙ ያሰብሁበት ነገር አለ። ድምፅ መስጠት በዚያ መድረክ የአንባቢው ፍርድ ነበር፤ ፍርዱ በገበያ ላይ ከዋለ በኋላ ግን አንባቢ የሚባለው ሰው ራሱ ጠፋ፣ አንባቢ የሌለው ጽሑፍ ደግሞ ማንም ቢጽፈው ልዩነት የለውም። በ2019 ድምፅ ሰጪው የሚያገኘው ድርሻ ከሩብ ወደ ግማሽ ከፍ አለ፣ ያለ ኪሳራ የተቃውሞ ድምፅ መስጠትም ተፈቀደ፤ የድምፅ ሽያጩም ቀዘቀዘ፤ ነገር ግን ለጽሑፍ ፍቅር ብለው የመጡ ብዙ ሰዎች ከዚያ በፊት ተሰናብተው ነበር።

የሽልማቱን መጠን ብናሳንስስ የምትሉ ትኖራላችሁ። ዲጂታል ኦሽን የተባለው ኩባንያ በየኦክቶበሩ በሚያዘጋጀው ሃክቶበርፌስት፣ በ2020 የፕሮግራም ጸሐፊዎች ሥራቸውን በጋራ በሚያስቀምጡበት በጊትሃብ ላይ፣ ለሌሎች ፕሮጀክት አራት ማሻሻያ የላከ ሰው የሚያገኘው አንድ ቲሸርት ነበር። ለዚያች ቲሸርት ሲባል በሌሎች ሰዎች ፕሮጀክት መግለጫ ላይ «ድንቅ ፕሮጀክት» የሚል ቃል ጨምሮ የሚልከው ሰው በመብዛቱ፣ ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ባለሙያዎች ቆሻሻ ሲጠርጉ ሰነበቱ፤ አዘጋጆቹም ወሩ ገና ሳይጋመስ፣ ፈቃደኛ የሆነ ፕሮጀክት ብቻ እንዲቆጠር ደንቡን ለወጡ።

ካልሠራ እናቆመዋለን እንዳትሉም። ዩሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲቺኒ የተባሉ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች በእስራኤል በሃይፋ ከተማ በአሥር የሕፃናት ማቆያዎች ያደረጉትና በ2000 የታተመው ጥናት በቅጣት ላይ ቢሆንም ለእኛ ጉዳይ ይጠቅማል። ልጁን ለመውሰድ የዘገየ ወላጅ አሥር ሼቄል እንዲከፍል ሲወሰን የሚዘገየው ወላጅ እጥፍ ያህል ሆነ፤ ቅጣቱ ከተነሣ በኋላም ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። መምህሯን ላለማስጨነቅ ይቻኮል የነበረ ወላጅ አንድ ጊዜ ዋጋ ስለተነገረው፣ መዘግየቱን እንደሚገዛ ነገር ቆጠረው። እኛም ካርዱን ባቆምን ማግስት ጥቅመኞቹ ሄዱ፤ የቀድሞዎቹ አርባ ሰዎች ግን አልተመለሱም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ደቦን አስቡ። አጨዳ የጠራ ገበሬ ምግብና ጠላ ያቀርባል፤ ነገር ግን ድግሱ በነዶ ቁጥር አይከፈልም፣ ማን እንደበረታና ማን እንደተቀመጠም እርሻው ላይ ያለ ሁሉ ያየዋል። ዕቁብም ቢሆን ቀድሞ ዕጣ የወጣለትን ሰው ዋስ ይጠይቀዋል፤ ቀድሞ የበላ ሰው እንደሚጠፋ አባቶቻችን ያውቁ ነበርና። የዊኪፒዲያ አዘጋጆች ደግሞ ገንዘብ ሳይኖር፣ የለፋ ባልደረባቸውን ኮከብ የመሰለ ምልክት በገጹ ላይ አኑረው ያመሰግናሉ፤ በ2012 የታተመ አንድ ጥናት ምልክቱን ሳይጠብቁት የተሰጣቸው ትጉሃን የሥራ መጠን ካልተሰጣቸው አቻዎቻቸው በ60 በመቶ ያህል በልጦ እንደተገኘ አሳይቷል። ሽልማቱ የመጣው ሥራው ካለቀ በኋላ፣ ሥራውን ከሚያውቅ ሰው፣ ሳይነገር ነው።

ስለዚህ ሽልማታችሁን በበር ላይ አትስቀሉት። አዲስ የመጣ ሰው ቢያንስ ጥቂት ወራት ያለ ሽልማት ይጻፍ፤ ከነባሮቹ አንዱ ሥራውን አንብቦ ዋስ ይሁነው። ሰው ለጋበዘ ሽልማት መስጠትን ፈጽሞ አትሞክሩት፤ በቴሌግራም አባላት አድ ላደረገ ገንዘብ የሰጡ ግሩፖች በአሥር ሺህ የሚቆጠር ስም ይዘው አንድ የሚያነጋግር ሰው ሲያጡ አይቻለሁና። በሳምንት አንብባችሁ ከምትጨርሱት በላይም አትቀበሉ፣ ዕድገታችሁ በአንባቢዎቻችሁ ቁጥር ልክ ይሁን። የሚዳኙትን ሰዎች በየጊዜው አፈራርቁ፤ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው አባባል በነጥብ ላይ ሥልጣን ባለው ሰው ላይም ይሠራል።

አንድ ነገር ግን አደራ እላችኋለሁ። ችሎታ ያለው ድሃ ጸሐፊ ገንዘብ በመፈለጉ ጥቅመኛ ብላችሁ እንዳትጠረጥሩት። ገንዘብ የሚያስፈልገው ሰው ሥራ ሲኖር ርእሱ ተነግሮት፣ ዋጋው አስቀድሞ ተስማምቶበት፣ ሥራው ሲያልቅ ሙሉ ክፍያው ይሰጠው። ያ ደመወዝ ነው፤ በሽልማት ስም ሰውን በርካሽ ማሠራት፣ ብዙ ጊዜ እንደታዘብሁት፣ ሐቀኛውን አርቆ ብልጡን ያቀርባል።

መድረኩን ከዘጋን ከዓመት በላይ ቆይቶ ወደ ሰብል ባለሙያው ቤት ሄድሁ። ይቅርታ ጠየቅሁ፤ በክፍያ እንዲጽፉልኝም ለመንኋቸው። ስለ ክፍያው ምንም አልጠየቁኝም። «ከመውጣቱ በፊት የሚያነበው ማን ነው?» አሉኝ። እኔ ነኝ አልኋቸው። ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ደብተራቸውን አምጥተው፣ በቆሎ ጎተራ ውስጥ ከነቀዝ እንዴት እንደሚጠበቅ የጀመሩትን ያነቡልኝ ጀመር።