መልስ፦ የኩባ ሲጋር ይዞ አሜሪካ ስለመግባት

ወንድሜ፣ ከአዲስ አበባ ስትመለስ ፍራንክፈርት ላይ ኮሂባ የሚባለውን የኩባ ሲጋር ገዝተህ አሜሪካ ይዘህ መግባት ትችል እንደሆነ ጠይቀሃል። አትችልም። ከፈረንጆቹ 2016 መጨረሻ ጀምሮ መንገደኛ ለራሱ የሚሆነውን ማስገባት ይፈቀድለት ነበር፤ በፈረንጆቹ መስከረም 2020 ግን ተከለከለ። ከሌላ አገር ነው የገዛሁት ብትል፣ ደረሰኝ ብታሳይም ለውጥ የለውም። ይወረሳል፤ ቅጣትም ሊከተል ይችላል። እዚያው ጀርመን ገዝተህ ማጨስ ግን ትችላለህ።

ጉጉትህ ይገባኛል። የኩባዋ የፒናር ዴል ሪዮ የትምባሆ ቅጠል፣ ያ አፈር አፈር የሚል ጠረኑ፣ ልብ ይወስዳል። በኢንተርኔት በድብቅ ላስመጣ ካልክ ግን ፎርጅዱ በዝቷል፤ ክዳኑ መስታወት የሆነ የኮሂባ ሳጥን ካየህ እንዳትነካው። ይልቅ የኒካራጓውን የኤስቴሊ ሲጋር ሞክር። ከኩባ አብዮት በኋላ የተሰደዱ ኩባውያን የትምባሆ ዘሩንም ሙያውንም ይዘው የገቡት እዚያ ነው።