«በወረቀት ላይ የእኔ ዕቅድ 15 ኪሎ መቀነስ ነው»

ጥያቄ፦ የ33 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። የ8 ዓመት ሴት ልጅና ገና ጡት የሚጠባ የ10 ወር ወንድ ልጅ አሉኝ። ባለቤቴ ጳጉሜን ላይ የሁለታችንን የአዲስ ዓመት ዕቅድ በወረቀት ጽፎ ፍሪጁ ላይ ለጠፈው። የእሱ ትምህርቱን መጨረስና ገንዘብ መቆጠብ ነው። የእኔ ደግሞ ኅዳር 14 ቀን ለሚሆነው የእህቱ ሠርግ ከ78 ኪሎ ወደ 63 መውረድ ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ይዞኝ ይወጣል፤ ቀድሞኝ ይሄድና ሰዓቱን እያየ ይጠብቀኛል። ክፉ ሰው አይደለም፤ «ለጤናሽ ብዬ ነው» ይለኛል። እናቴ በበኩሏ በመጣች ቁጥር «ከሳሽብኝ» እያለች ታጎርሰኛለች። እኔ ቁርስ እዘላለሁ፤ ማታ ሁሉም ሲተኛ ግን ማድ ቤት ቆሜ ያገኘሁትን እበላና አለቅሳለሁ። ጽጌን ጾሜ ልቀንስ አስቤያለሁ። ያስደነገጠችኝ ግን ልጄ ናት። የእንቁጣጣሽ ዕለት ጓደኞቿ ለአበባየሆሽ ሲጠሯት፣ ቀሚሷን ለብሳ መስታወት ፊት ሆዷን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ ቆማ አገኘኋት። «ቦርጬ ይታያል» ብላ ሳትወጣ ቀረች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎ ብዙ ጉዳይ ይዟል፤ እኔ ግን ከመጨረሻው እጀምራለሁ። ልጅዎ ይህን ነገር ከራሷ አላመጣችውም። የፍሪጁን ወረቀት ማንበብ የምትችልበት ዕድሜ ላይ ናት፤ በገበታ ላይ የሚወራውን ትሰማለች፤ መስታወት ፊት ሆድ መሳብንም ከአንድ ትልቅ ሰው ሳታየው አልቀረችም። ይህን የምጽፈው ልወቅስዎ ፈልጌ አይደለም። ልጆች ስለ ሰውነታቸው የሚሰማቸው ነገር ከሚሰጣቸው ምክር ይልቅ፣ ትልልቆቹ ስለ ራሳቸው ሰውነት ሲናገሩ ከሚሰሙት ይቀዳልና ነው። ስለዚህ ከኪሎዎ በፊት መስተካከል ያለበት፣ በቤትዎ ውስጥ ስለ ኪሎ የሚወራበት መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ክረምቱ ወጥቶ፣ አደይ ፈንድቶ፣ ልጆች ለትምህርት ሲመዘገቡ ሰው ራሱንም ማደስ ቢያምረው የሚያስነውር ነገር የለውም። ነገር ግን ያንን ወረቀት ልብ ብለው ይዩት። ባለቤትዎ ለራሳቸው የጻፉት የሚሠሩትን ሥራ ነው፤ መማርና መቆጠብ። ለእርስዎ የተጻፈው ግን የሚሠሩት ነገር ሳይሆን ለሰው ዓይን መታየት ያለብዎት ሁኔታ ነው፤ ቀነ ገደቡም ሠርግ ነው። ጉዳዩ የጤና ቢሆን ኖሮ ቀጠሮው ከሐኪም ጋር ይሆን ነበር። ሒሳቡም ቢሆን አያስኬድም። ከመስከረም 1 እስከ ኅዳር 14 ያለው ጊዜ ከአሥር ሳምንት ብዙም አይበልጥም፤ 15 ኪሎ ለአሥር ሳምንት ሲካፈል በየሳምንቱ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይሆናል። ክብደት መቀነስ ለሚያስፈልገው ሰው የጤና ባለሙያዎች በተለምዶ የሚመክሩት በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ነው። ጡት የምታጠባ እናት ደግሞ ወተት ለማምረት ብቻ በቀን ከ300 እስከ 500 የሚደርስ ተጨማሪ ካሎሪ ያስፈልጋታል።

የሌሊቱን የማድ ቤት ነገር እንደ ነውር ቆጥረው እንደጻፉት ከአነጋገርዎ ገብቶኛል። እስቲ ይህን ይመልከቱ፦ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 አንሰል ኪስ የተባሉ ተመራማሪ በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ ጤነኛ መሆናቸው ተመርምሮ የተመረጡ 36 ወጣት ወንዶችን ለስድስት ወር ያህል ከሚያስፈልጋቸው ምግብ ግማሹን ያህል ብቻ እየሰጡ ተከታትለዋቸው ነበር። ቀድሞ ስለ ምግብ ብዙም የማይጨነቁ ሰዎች ቀን ከሌት የሚያስቡት ስለ ምግብ ሆነ፤ የምግብ አሠራር መጻሕፍት የሚሰበስቡ ነበሩ፤ ተነጫነጩ፣ ከሰው ራቁ። ምግቡ ሲፈቀድላቸው ደግሞ ብዙዎቹ በልተው አልጠግብ አሉ። እነዚህ ሰዎች ወኔ ቢሶች አልነበሩም፤ የተራበ ሰውነት የሚያደርገውን ነው ያደረጉት። ቁርስ ዘለው፣ ጡት አጥብተው፣ ዳገት ወጥተው የዋሉ ሴት ማታ ማድ ቤት ቢገኙ ምክንያቱ ከዚህ የተለየ አይደለም። መድኃኒቱም ጠዋት ተቀምጦ ቁርስ መብላት ነው።

በእናትዎና በባለቤትዎ መካከል የገቡበት አጣብቂኝ የእርስዎ ብቻ አይደለም። በእኛ አገር «ወፈር ብለሻል፣ አማረብሽ» ምርቃት የነበረበት ዘመን ገና አላለፈም፤ «ከሳሽ፣ ምን ሆንሽ?» የሚለውም የፍቅር ንግግር ነው። በዚያው ቤት ደግሞ ስልክ ውስጥ ያለው ቲክቶክ ቀጭን ወገብ ሲያሳይ ይውላል፤ የአዲስ ዓመት ሰሞን ሲሆን ይብሳል። ሞላ ያለ ሰውነትን ታከብር በነበረችው በፊጂ ደሴት ተመሳሳይ ነገር ተጠንቷል። አን ቤከር የተባሉ ሐኪምና የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ፣ ቴሌቪዥን በአንድ አውራጃ በገባበት እ.ኤ.አ. በ1995 ወጣት ሴት ተማሪዎችን ሲጠይቁ ክብደት ለመቀነስ ብላ የበላችውን ሆን ብላ የምታስመልስ አንዲትም አላገኙም፤ በ1998 ተመልሰው ሲጠይቁ ከመቶ 11 ያህሉ እንደሚያደርጉት ተናገሩ። የቆየው ባህል ብቻውን ልጆቻችንን ይጠብቅልናል ብለን እንዳንዝናና ነው ይህን የማነሣው። ለእናትዎ ግን ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። «እማዬ፣ ስትመጪ ሕፃኑን ያዢልኝና ቁጭ ብዬ ልብላ» ቢሏቸው ፍቅራቸው ሥራ ያገኛል።

ስለ ጽጌ በጥንቃቄ ልናገር፤ የሃይማኖቱ ጉዳይ የእኔ ሥልጣን አይደለምና። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ይህ ጾም የፈቃድ ጾም መሆኑን እርስዎም ያውቃሉ። በሙያዬ የማየው ግን ምግብን መፍራት የጀመረ ሰው ጾምን መሸሸጊያ ሊያደርገው እንደሚችል፣ ቤተሰቡም «ጾመኛ ናት» ብሎ ሳይጠረጥር እንደሚቀር ነው። የሚያጠቡ መሆንዎንና ልብዎ ውስጥ ያለው ሐሳብ ሚዛኑ መሆኑን ለንስሐ አባትዎ ሳይደብቁ ይንገሩና እሳቸው የሚሉዎትን ይስሙ።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ልምጣ፤ ከባዱ እዚህ ነውና። «ክፉ ሰው አይደለም» ብለዋል፤ አምንዎታለሁ። ብዙ ባሎች ሚስታቸውን ሲገፉ የሚረዷት ይመስላቸዋል። ማፈር ሰውን ለጥቂት ቀን ያስሮጥ ይሆናል፤ ሲውል ሲያድር ግን መደበቅን ያስተምራል፤ እርስዎም አሁን እየተደበቁ ይበላሉ። ልጆቹ በተኙበት፣ ሁለታችሁም ባልደከማችሁበት ሰዓት እንዲህ ቢሉ መልካም ነው፦ «ለጤናዬ እንደምታስብ አውቃለሁ። ግን ቤዛዊት ላይ ቆመህ ሰዓት ስታይ ለፈተና የቀረብኩ ይመስለኛል፤ ማታ ደግሞ ደብቄ እበላለሁ። ልጃችን ወረቀቱን አንብባ ሆዷን መደበቅ ጀምራለች። ወረቀቱን ዛሬ እናንሣው። ጤናዬን ሐኪም ይይልኝ፤ ስለ ኪሎዬ ግን በልጆቹ ፊት አናውራ።» የልጅቱን ነገር አይዝለሉት። ስለ ሚስቱ የማይሰማ አባት ስለ ልጁ ሲሆን ቆም ሊል ይችላል። ቀጥሎም ስለ ሠርጉ ይጠይቋቸው፤ የሚያሳስባቸው ምን እንደሆነ፣ ዘመድ የሚለውን ፈርተው እንደሆነ። በእኔ ግምት ወረቀቱን ያስጻፋቸው ከጤናዎ ይልቅ ይኸው የዘመድ ዓይን ነው፤ ልሳሳት እችላለሁ፣ መልሱን ከእሳቸው መስማት ይሻላል። ሠርጉ ላይ «ምነው እንዲህ ወፈርሽ?» የሚል አክስት እንደማይጠፋ የታወቀ ነው። «ልጅ ወለድኩ እኮ፤ እናንተስ እንዴት ከረማችሁ?» ካሉ በኋላ ወሬውን መቀጠል አይጠበቅብዎትም።

ጤናው በእርግጥ የሚያሳስባችሁ ከሆነ መንገዱ ግልጽ ነው። የደም ግፊት፣ የስኳርና የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) ምርመራ ያድርጉ፤ ከወሊድ በኋላ በታይሮይድ መዛባት ብቻ ክብደትና ስሜት የሚለዋወጥባቸው እናቶች አሉ። እንቅስቃሴውን ግን አይተዉት። ባሕር ዳር ለዚህ የታደለች ከተማ ናት፤ በጣና ዳር በዛፎቹ ጥላ ሥር መሄድ፣ ብስክሌት የለመዱ ከሆነም በጠዋት አየር መንዳት ይቻላል። ልዩነቱ ሰዓት የሚቆጥር ሰው አለመኖሩ ነው። አብረዎት የሚሄዱት ሰው ከእርስዎ እርምጃ ጋር ጎን ለጎን ይራመድ፤ ይህ ለባለቤትዎ የሚከብድ ከሆነ ከጎረቤት ሴት ጋር ይሂዱ። ሚዛኑን ከመኝታ ቤት ያውጡት፤ በጨውና በውኃ ብቻ ከቀን ወደ ቀን አንድ ሁለት ኪሎ ከፍ ዝቅ ይላል። በቴሌግራም የሚሸጠውን «ቦርጭ የሚያጠፋ ሻይ» ደግሞ እንዳይሞክሩት። ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጥ ቅጠል አለበት፤ የሚያስወጣው ውኃ ነው፣ ያጠባሉም።

ለልጅዎ «አይ፣ አንቺ እኮ ቀጭን ነሽ» ብለው እንዳያጽናኗት እለምንዎታለሁ። ቀጭን መሆን ሽልማት ነው ማለት ይሆንባታል። «ያን ቀን ለአበባየሆሽ ሳትወጪ ቀረሽ፤ ሆድሽን ማን ምን ብሎት ነው?» ብለው ይጠይቋትና ዝም ብለው ይስሟት። የክፍል ጓደኛ ስም ሊመጣ ይችላል፤ የእርስዎም ስም ሊመጣ ይችላል፤ ያኔ አይከላከሉ። ጉርምስና ከመድረሱ በፊት የልጅ ሰውነት ሞላ ማለቱ የዕድገት አንዱ ክፍል መሆኑንም በቀላል ቋንቋ ይንገሯት። ቀሚሱ ጠቧት ከሆነ በዚህ ሳምንት ልብስ ሰፊ ጋ ወስደው ያስሰፉላት። የእርስዎንም የሠርግ ቀሚስ አሁን ባለዎት ልክ በዚያው ቀን ያስለኩ፤ እሷም ቆማ ትይ። ልብስ ለሰው ይሰፋል እንጂ ሰው ለልብስ አይጠብም፤ ይህን ልብስ ሰፊው በሜትሩ ሲያሳያት ከእኔ ምክር ይልቅ ይገባታል።

ደብቆ መብላቱና የሌሊቱ ለቅሶ ወረቀቱ ከተነሣና ቁርስ ከጀመሩ በኋላም ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ፣ ወይም የበሉትን ማስመለስ ካማረዎት፣ ወይም መኖር ካስጠላዎት አይጠብቁ። የመጨረሻው ከሆነ ሁለት ሳምንቱን እንኳ ሳይቆጥሩ በዕለቱ ይሂዱ። ከወሊድ ጋር የተያያዘ ድብርት በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ በማንኛውም ጊዜ ሊታይ ይችላል፤ የሚታከምም ነው። በከተማችሁ በፈለገ ሕይወትም ሆነ በጥበበ ግዮን ሆስፒታል የአእምሮ ጤና አገልግሎት አለ። ሲቀርቡ ስለ ኪሎዎ ቀድመው አያውሩ፤ ስለ እንቅልፍዎ፣ ስለ ማታው ለቅሶ፣ ስለ ጡት ማጥባትዎና ሕፃኑን ስለሚረዳዎት ሰው መኖር አለመኖር ይንገሯቸው።