የትልቅ ሎግ ፋይልን መጨረሻ ከተርሚናል ስለማየት

ጠያቂያችን ያነሡት ሁለት ችግር ነው። የሊኑክስ ሰርቨራቸው ሎግ (ሰርቨሩ የሚሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል) ብዙ ጊጋባይት ስለደረሰ በኤዲተር ሲከፍቱት ማሽኑ ይቆማል፤ የፋይልን መጨረሻ በሚያሳየው «ቴይል» በተባለው ትእዛዝ ሲከታተሉት ደግሞ ከእኩለ ሌሊት በኋላ አዲስ መስመር አይመጣላቸውም።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። ቴይል ያለ ምንም አማራጭ ከፋይሉ ስም ጋር ሲጻፍ የመጨረሻዎቹን 10 መስመሮች ያሳያል፤ ተጨማሪ ከፈለጉ ሰረዝ ኤን ጽፈው ቁጥሩን ያስከትሉ። ፋይሉ የቱንም ያህል ቢገዝፍ ፈጥኖ የሚመልሰው ከመጀመሪያው ሳይነሣ ከጫፉ ወደ ኋላ ስለሚያነብ ነው። ብዙዎቻችን በልማድ እንደምናደርገው ፋይሉን ይዘቱን በሚያወጣው «ካት» ከፍተን በፓይፕ፣ ማለትም የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሌላው በሚያቀብለው ምልክት፣ ከላክንለት ግን ወደ ጫፉ መዝለል ስለማይችል ሁሉንም ለማንበብ ይገደዳል። ከቁጥሩ በፊት የመደመር ምልክት ካስገቡ ትርጉሙ እንደሚገለበጥም ልብ ይበሉ፤ መደመር 200 ማለት ከ200ኛው መስመር ጀምሮ እስከ መጨረሻው ማለት ነው።

ዋናው ጉዳይ ሁለተኛው ነው። አዲስ መስመር ሲጨመር እንዲያሳይ ለቴይል የሚሰጠው አማራጭ ሰረዝ ስሞል ኤፍ የሚከታተለው ሲጀምር የከፈተውን ፋይል ራሱን እንጂ ስሙን አይደለም። ሎጎችን በየጊዜው የሚቀያይረው ፕሮግራም ሎግሮቴት ብዙውን ጊዜ በቀን አንዴ የቆየውን ሎግ ስም ለውጦ በዚያው ስም አዲስ ፋይል እንዲፈጠር ያደርጋል፤ ቴይል ግን ማንም የማይጽፍበትን አሮጌ ፋይል ይዞ ይቀራል፣ ስህተት መኖሩንም አይነግርዎትም። ሰረዝ ካፒታል ኤፍ ግን ስሙን ስለሚከታተል ፋይሉ ሲተካ ይህንኑ አስታውቆ አዲሱን ይከፍታል። እኔ በሥራ ላይ ለሎግ ስሞል ኤፍን ከተውኩት ቆይቻለሁ።

ወደ ላይ እየተመለሱ መፈለግም ካስፈለገ ፋይልን ገጽ በገጽ የሚያሳየውን «ሌስ»ን ከመደመር ካፒታል ኤፍ ጋር መክፈት ይሻላል፤ ኮንትሮል ሲ መከታተሉን ሲያቆመው በእዝባር ቃል ይፈልጋሉ፣ ካፒታል ኤፍ ሲጫኑ ይቀጥላል። እርሱም ቢሆን ካልታዘዘ ስሙን አይከተልም፤ «ፎሎው ኔም» የሚለውን አማራጭ ይጨምሩለት። የቴይልን ውጤት የተፈለገው ቃል ያለባቸውን መስመሮች በሚመርጠው «ግሬፕ» አጣርተው ወደ ሌላ ትእዛዝ የሚያሳልፉ ከሆነ ደግሞ ግሬፕ መስመሮቹን አጠራቅሞ ስለሚለቅ ውጤቱ ይዘገያል፤ «ላይን በፈርድ» የሚለው አማራጭ በየመስመሩ እንዲለቅ ያደርገዋል።

አማርኛ ላለበት ፋይል ሰረዝ ሲን በጥንቃቄ ይጠቀሙ። ይህ አማራጭ የሚቆርጠው በባይት ነው፤ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደላት ማስቀመጫ ሥርዓት አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ ቆረጣው ፊደሉ መሐል ሊያርፍና መጀመሪያው ላይ የማይነበብ ምልክት ሊታይ ይችላል፤ ፋይሉ ግን አልተበላሸም።

የቀደሙት ቀናት ሎጎች በጂዚፕ ተጨምቀው ከሆነ የተጨመቀውን ፈትቶ በሚያወጣው «ዚካት» አልፈው በፓይፕ ወደ ቴይል ይላካሉ፤ እዚህ ላይ ፋይሉ በሙሉ መፈታት ስላለበት መዘግየቱ አይቀርም።