መልስ፦ ደብተሬ ሞልቷል፣ ስከፍተው ግን የምፈልገውን አላገኝም ላልሽው

እህቴ፣ የ11ኛ ክፍል ባዮሎጂ ደብተርሽ ከሰሌዳ በገለበጥሽው ኖት ሞልቶ ፈተና ሲደርስ እንደሚጠፋብሽ ጽፈሻል። በከለር እስክሪብቶ ማሳመር ይረዳ እንደሆነም ጠይቀሻል።

ከለሩን ለጊዜው ተዪው። መጀመሪያ ገጹን ከፋፍዪው። በግራ በኩል 6 ሴንቲ ሜትር፣ ከታች 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አስምረሽ ባዶ ተዪ። ክፍል ውስጥ በሰፊው ቦታ ጻፊ። ቤት ስትገቢ በግራው ጥያቄ አውጪ፤ ከታች የገጹን ሐሳብ በራስሽ ቃል አሳጥረሽ አስፍሪ። ይህን አያያዝ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያስተዋወቀው የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ መምህር ዋልተር ፓውክ ነው።

ዋናው ነገር የግራው ክፍል ነው። ማታ ሰፊውን በወረቀት ሸፍኚና ጥያቄዎቹን በቃልሽ መልሺ። ደጋግሞ ማንበብ ብቻውን «አውቄዋለሁ» የሚል ስሜት ይሰጥና ፈተና ላይ ይከዳል። ሳያዩ ለማስታወስ መታገል ግን ትምህርቱን ያጸናል። ያቃተሽን በቀይ ምልክት አድርጊበት፤ ከለር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ደብተርሽ ላይ የራስሽን ፈጠራ መጨመር ከፈለግሽስ? ጅማ ተቀምጠሽ የፍሬን አወቃቀር ከመጽሐፍ ብቻ አትገልብጪ እንጂ! ከጓሮ ቀይ እሸት ቡና ቆርጠሽ ለሁለት ሰንጥቂውና ሳዪው። የውጭው ቆዳ፣ ጣፋጩ ሥጋ፣ ጠፍጣፋ ጎናቸው የተገጣጠመው ሁለቱ ዘሮች። እያንዳንዱ ክፍል ላይ ስሙን ጻፊ። ሥዕሉ ባያምርም ግድ የለም፣ በእጅሽ የነካሽውን አትረሺውም።

ገጾቹን ቁጥር ስጪ፤ ማውጫውን ከሽፋኑ ጀርባ ጻፊ። አዲስ ደብተርም አያስፈልግሽም፣ ከነገው ክፍለ ጊዜ ጀምሪ።