ፓይተን እንዴት ይጠገናል? ከጅማ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማሩ ተማሪዎችና በከተማው በሶፍትዌር ሥራ የተሰማሩ ባለሙያዎች ስለ ፓይተን ቋንቋ ጥገና የላኳቸውን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። የምናገረው ስለ ሲፓይተን ነው፤ ይህም በሲ ቋንቋ የተጻፈውና አብዛኞቻችን ፓይተን ብለን ኮምፒውተራችን ላይ የምንጭነው ዋናው ፕሮግራም ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ፕሮግራሜ አልሠራ ሲለኝ ጥፋቱ የእኔ ይሁን የቋንቋው በምን ለይቼ አውቃለሁ?

መልስ፦ እኅቴ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የራሳችን ኮድ ወይም ከውጭ ያመጣነው ላይብረሪ ስለሆነ፣ ቋንቋውን ከመጠርጠርሽ በፊት ፕሮግራሙን ማሳጠር ይኖርብሻል። ስህተቱ ሳይጠፋ ሊወጣ የሚችለውን ሁሉ፣ ዳታቤዙንም ፋይሉንም ላይብረሪውንም፣ አንድ በአንድ እያወጣሽ ሂጂ። ጥቂት መስመሮች ብቻ ቀርተው ስህተቱ አሁንም የሚታይ ከሆነ ውጤቱን ከቋንቋው ሰነድ ጋር አስተያዪው፤ ከሰነዱ ጋር የሚጋጭ ከሆነ ጉዳዩ በእርግጥ የቋንቋው ነው። ፕሮግራሙ የተለመደውን የስህተት መልእክት ሳያወጣ ድንገት የሚዘጋ ከሆነ ግን ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከሥር ባለው የሲ ኮድ ውስጥ ነው። ለዚህም ከፓይተን 3.3 ጀምሮ ከቋንቋው ጋር የሚመጣውን ፎልትሃንድለር የተባለውን ሞጁል አብርተሽ ብታስኬጂ የወደቀበትን መስመር ያሳይሻል።

ጥያቄ፦ የቆየ የደብር መዝገብ ወደ ኮምፒውተር እያስገባን ነው። በግዕዝ አኃዝ የተጻፈውን ፩ ኢዝዲጂት የተባለው ተግባር አኃዝ መሆኑን ያረጋግጣል፤ ጽሑፍን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ኢንት ግን አልቀበልም ይላል። ይህ ግልጽ የቋንቋው ስህተት አይደለም ወይ?

መልስ፦ አይደለም፤ ነገር ግን ጥያቄው ጥሩ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው። ፓይተን ስለ ፊደላትና ስለ አኃዞች የሚያውቀውን የሚወስደው የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር ከተመዘገቡበት ከዩኒኮድ ሰንጠረዥ ነው፤ ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ነው። ሰንጠረዡ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ተሟልተው እንደየቦታቸው ዋጋ የሚይዙትን አኃዞች ለብቻ ይመድባል፤ ኢንት የሚቀበለውም እነዚህን ብቻ ነው። ዓረቦች በሚጽፉበት አኃዝ የተጻፈ ቁጥር ብትሰጡት ያለ ችግር ያነበዋል። የግዕዝ አኃዝ ግን ዜሮ የለውም፤ አሥር፣ ሃያና መቶ ደግሞ ፲፣ ፳ እና ፻ የተባሉ የራሳቸው ምልክቶች አሏቸው። ስለዚህ ከ፩ እስከ ፱ ያሉት በኢዝዲጂት ያልፋሉ፣ እንደየቦታቸው ዋጋ የሚይዙትን ብቻ በሚያሳልፈው በኢዝዴሲማል ይወድቃሉ፤ ፲ ደግሞ በሁለቱም ወድቆ ማንኛውንም የቁጥር ምልክት በሚያሳልፈው በኢዝኑሜሪክ ብቻ ያልፋል።

ኢንት እነዚህን እንደየቦታቸው ዋጋ ሊያነብ ቢሞክር ፲፪ን ምን ብሎ ይቀበለዋል? ፲፪ አሥርና ሁለት ተደምረው ነው፤ ፪፻ ግን ሁለት በመቶ ተባዝቶ ነው። እንግዲህ ዩኒኮድዳታ በተባለው ሞጁል ውስጥ ባለው ኑሜሪክ የእያንዳንዱን ምልክት ዋጋ አውጥታችሁ፣ መደመሩንና ማባዛቱን የሚያከናውን አጭር ተግባር ራሳችሁ መጻፍ አለባችሁ። ይህን ስህተት ነው ብላችሁ ብታመለክቱ ቋንቋውን የሚጠግኑት ባለሙያዎች፣ ማለትም ጠጋኞቹ፣ ይዘጉታል፤ መዝጋታቸውም ትክክል ነው። ለመዝገብ ሥራችሁ የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር፦ በፓይተን 3 ተለዋዋጮችን በአማርኛ ፊደል መሰየም ይቻላል፤ ሆኖም ቋንቋው ጸሎትንና ፀሎትን፣ ሀብትንና ሐብትን የተለያዩ ስሞች አድርጎ ስለሚያያቸው አጻጻፋችሁን ከመጀመሪያው አንድ አድርጉት።

ጥያቄ፦ ቀድሞ ይሠራ የነበረ ነገር በአዲሱ እትም ተበላሽቷል። የትኛው ለውጥ እንዳበላሸው ለመፈለግ ሙሉውን ምንጭ ኮድ ማውረድ የሞባይል ዳታዬን ይጨርስብኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ምንም ምንጭ ኮድ ሳታወርድ፣ የተዘጋጁትን እትሞች ጭነህ በ3.12 ሠርቶ በ3.13 መበላሸቱን አረጋግጥ፤ ይህች መረጃ ብቻዋን ለጠጋኞቹ ብዙ ሥራ ታቃልላለች። ወደ ውስጥ መዝለቅ ከፈለግህ፣ የመጨረሻውን ኮሚት (የተመዘገበ የኮድ ለውጥ) ብቻ ማውረድ ዳታ ቢቆጥብም ታሪኩን ስለማይሰጥህ ለፍለጋው አይሆንህም። የሚሻለው የኮሚቶቹን ታሪክ በሙሉ፣ የፋይሎቹን ይዘት ግን ሲያስፈልግ ብቻ የሚያወርደው የጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ፕሮግራም) አማራጭ ነው። ከዚያም ባይሴክት የተባለው ትእዛዝ በጥሩውና በመጥፎው መካከል ያለውን እያጋመሰ ይወስድሃል፤ አንድ ሺህ ኮሚት ቢኖር አሥር ያህል ሙከራ ይበቃል። በየሙከራው ፓይተንን እንደገና መገንባት ስላለብህ ላፕቶፕህ ደካማ ከሆነ ሥራው ጊዜ ይወስዳል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ካለህ ደግሞ የደረስክበትን ጻፍ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በሂሳብ ስሌት ያገኘሁትን በጣም ትልቅ ቁጥር ወደ ጽሑፍ ስቀይር ፓይተን እምቢ ይላል። በድሮው እትም ግን ይሠራ ነበር።

መልስ፦ ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ትልልቅ ቁጥሮችን ከአሥርዮሽ ጽሑፍ ወይም ወደ አሥርዮሽ ጽሑፍ መቀየር የሚፈጀው ጊዜ ከአኃዞቹ ብዛት ጋር በካሬ ስለሚያድግ፣ አንድ ተንኮለኛ ረጅም ቁጥር ልኮ ሰርቨር ሊያሽመደምድ ይችል ነበር። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 የ4300 አኃዝ ገደብ ተጣለ፤ ያኔ ድጋፍ በነበራቸው የቆዩ እትሞች ላይም ጭምር ገባ። በወጣ እትም ላይ ነባር ጠባይ መለወጥ የቋንቋው ልማድ አይደለም፤ ለደኅንነት ሲባል ግን መደረጉን ከሚደግፉት አንዱ ነኝ። ቁጥሩ ከታመነ ምንጭ የመጣ ከሆነ ገደቡን ሲስ በተባለው ሞጁል በኩል ከፍ ማድረግ ትችላለህ፤ ወደ ሄክሳዴሲማል መቀየርን ደግሞ ገደቡ አይነካውም።

ጥያቄ፦ መርካቶ አካባቢ ያለ የቡና ነጋዴ ቢሮ አሁንም በዊንዶውስ 7 ይሠራል። አዲሱ ፓይተን አልጫን አለን።

መልስ፦ የመጨረሻው የሚጫንላችሁ 3.8 ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በጃንዋሪ 2020 ስላቆመ፣ በዚያው ዓመት የወጣው 3.9 ትቶታል። 3.8 ራሱም ከኦክቶበር 2024 ወዲህ የደኅንነት ማስተካከያ አያገኝም። ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት ለዩት፤ ከተቻለ ሊኑክስ ጫኑበት።

ጥያቄ፦ በቋንቋው ላይ ስለሚደረጉ ለውጦች ማን ነው የሚወስነው?

መልስ፦ ቋንቋውን የፈጠረው ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በ2018 ከመሪነት ከወረደ በኋላ፣ ዋና ጠጋኞቹ የሚመርጡት የአምስት ሰዎች ምክር ቤት ይወስናል።

ጥያቄ፦ ያገኘሁትን ስህተት ራሴ አስተካክዬ ፑል ሪኩዌስት (ለውጤን ተቀበሉኝ የሚል ጥያቄ) ልኬያለሁ፤ ወራት ቢያልፉም መልስ የለም። ከጅማ ስለሆንኩ ይሆን?

መልስ፦ ቅሬታህ ይገባኛል፤ ነገር ግን ከየትም ብትልክ ወረፋው ያው ነው። አብዛኞቹ ጠጋኞች በትርፍ ጊዜያቸው የሚያገለግሉ ፈቃደኞች ናቸው፤ የፓይተን ፋውንዴሽን ለጥገናው ብቻ የሙሉ ጊዜ ባለሙያ መቅጠር የጀመረው እንኳ በ2021 ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ እጅግ የሚጎድለው የሌላውን ሰው ኮድ በትዕግሥት የሚመረምር ዓይን ነው፤ ኮድ ጸሐፊ ሞልቷል። ስለዚህ የአንተን ሥራ ለመመርመር ቀላል አድርገው፦ ለውጡ አንድ ነገር ብቻ ይንካ፤ ያለ ማስተካከያህ የሚወድቅ፣ ከማስተካከያህ ጋር የሚያልፍ ቴስት ይኑረው፤ ኮድህን እንዲጠቀሙበት የምትፈቅድበትን የአስተዋጽዖ ስምምነት ፈርም፤ ለተጠቃሚው የሚታይ ለውጥ ከሆነም አጭር የዜና ማስታወሻ አያይዝ። ማስተካከያው መጀመሪያ በዋናው ብራንች (ቀጣዩ እትም በሚዘጋጅበት የኮድ ቅርንጫፍ) ላይ እንደሚገባና ከዚያ ወደ ቆዩት እትሞች እንደሚወሰድም እወቅ፤ ለ3.12 ብቻ ብለህ የላክኸው ከሆነ የዘገየበት አንዱ ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል። እስከዚያው ድረስ ማንም ያልነካቸውን የቆዩ የስህተት ማመልከቻዎች ከፍተህ፣ ስህተቱ በአዲሱ እትም ላይ አሁንም መኖር አለመኖሩን ሞክረህ ውጤቱን ከነኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሥራቸው ጻፍ። ይህን ማንም ሳይፈቅድልህ ዛሬውኑ መጀመር ትችላለህ።