እናትሽ ስኳር ካለባት ፍሉኮናዞል የሚባለውን የፈንገስ ኪኒን ከመግዛትሽ በፊት ይሄን አንብቢ

እህቴ «እናቴ ስኳር አለባት፣ ምላሷ ነጭ በነጭ ሆኖ ያቃጥላታል፣ ዳማከሴና ሎሚ ልሞክርላት ወይ» ላልሽው፣ ተይ በናትሽ። እኛም እማዬን ምች ነው ብለን ሳምንት ሙሉ ዳማከሴ ስንጨምቅባት ከርመን እንጀራ መዋጥ አቃታት። ፈንገስ ነው። ስኳር ከፍ ብሎ አፍ ሲደርቅ ለሱ ሰርግና ምላሽ ነው።

1. ስኳሯን ለኪያት። የእማዬ በባዶ ሆድ 290 ነበር። እሱ ካልወረደ ፈንገሱን ብታክሚውም ይመለሳል፣ የኛ ሁለቴ ተመልሷል።

2. መድሃኒት፣ ጉዱ ያለው እዚህ ጋ ነው። ሰፈር ያለ ፋርማሲ ሄጄ ልጁ ስልኩን እየነካካ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ ያለ ማዘዣ ፍሉኮናዞል ሸጠልኝ፣ ሌላ ምን ትወስዳለች የምትል አንዲት ጥያቄ ከአፉ አልወጣችም፣ እኔም አልነገርኩትም። እማዬ ደግሞ ግሊቤንክላማይድ (ግሊቤን) የሚባለውን ስኳር የሚያወርድ ኪኒን ነው የምትወስደው። በሦስተኛው ቀን ሌሊት ስትቃዥ ሰምቼ ተነሳሁ፣ ልብሷ በላብ ርሷል፣ ማን እንደሆንኩ አታውቅም፣ ስለካት 46! ደግነቱ መዋጥ ትችል ስለነበር ስኳር በጥብጠን አጠጥተን በታክሲ ሆስፒታል ወሰድናት፣ ግሊቤን ቶሎ ከሰውነት ስለማይወጣ ስኳሯ መልሶ ይወርዳል ብለው ግሉኮስ እንደተሰካላት አደረች። ፍሉኮናዞል ጉበት ግሊቤንን እንዳያስወግድ ይከለክለዋል፣ ስለዚህ ኪኒኑ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል ብላ ያስረዳችኝ የተረኛዋ ሐኪም ናት፣ ማይኮናዞል የሚባለው የአፍ ጄልም ያው ነው አለችኝ። ለፋርማሲው ልጅ ሄጄ ስነግረው «አንተ ነህ የጠየቅከኝ» አለኝ እኮ!

እና የእናትሽን ኪኒኖች በሙሉ በፌስታል አድርገሽ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፊው፣ አይፈር። ለእማዬ የታዘዘላት ኒስታቲን ሽሮፕ ነው፣ ወደ ደም እምብዛም አይገባም። በቀን 4 ጊዜ ከምግብ በኋላ አፏ ውስጥ እያገላበጠች በደንብ አቆይታ ትውጠዋለች፣ ከዛ ግማሽ ሰዓት ምንም የለም፣ ውሃም። በአምስተኛው ቀን ነጩ ሲጠፋ ዳንኩ ብላ ልታቆም ነበር፣ እኔ ነኝ ካላንደር ላይ እያሰመርኩ 14 ቀን ያስጨረስኳት።

3. ሁለቴ የተመለሰበትን ሌላውን ምክንያት ያገኘሁት ደግሞ እኔ ነኝ፣ ሐኪም አይደለም። የሚወልቅ ጥርስ አላት። ለካ እማዬ ድንገት እንግዳ ቢመጣ ብላ ለ6 ዓመት አንድ ቀን አውልቃው ተኝታ አታውቅም! አሁን ማታ በብሩሽ ታጥቦ የጥርስ ሐኪሟ በሰጠቻት ማጠቢያ ፈሳሽ ተነክሮ ብርጭቆ ውስጥ ያድራል፣ ብርጭቆውን ግን ማንም እንዳያይባት አልጋ ስር ትደብቀዋለች።

የናትሽስ ኪኒን ግሊቤን ነው?