«ታይኖዎች አልቀው የለም እንዴ?» ላለችኝ ልጅ

ባለፈው ሰሞን አንዲት የአንትሮፖሎጂ ተማሪ የካሪቢያን ደሴቶች ቀደምት ነዋሪዎች የሆኑትን ታይኖዎችን አንሥታ፣ «ጋሼ፣ ታይኖዎች እኮ ኮሎምበስ በመጣ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ አልቀዋል። ዛሬ ታይኖ ነን የሚሉት እነማን ናቸው?» አለችኝ። በሁለት ዓረፍተ ነገር መልሼ ሸኘኋት፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ኒውዮርክ ስማር ይህንኑ ላጠና ተነሥቼ ነበር። ብሮንክስ ውስጥ ከካሪቢያኗ ደሴት ከፖርቶ ሪኮ፣ ከተራራማዋ ከተማ ከኡቱዋዶ የመጡ አሮጊት ጎረቤት ነበሩኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ካሳቫ የሚባለውን ሥር ይፈቀፍቃሉ፤ በነጭ ጨርቅ ቋጥረው ውሃው ጠፍፎ እስኪያልቅ ይጨምቁታል፤ ከዚያ በብረት ምጣድ ላይ በትነው ካሳቤ የሚባለውን ቂጣ ይጋግራሉ። ስስ ነው፣ ሲቆርሱት ቀጭ ይላል። ጨውም የለው፤ እኔ እንኳ በአዋዜ ነበር የምበላው። ከማን እንደተማሩ ስጠይቃቸው፣ ዓይናቸውን ከምጣዱ ሳያነሡ «ከአያቴ፤ ኢንዲያ ነበረች» አሉኝ፤ የቀደምት አሜሪካውያን ዘር ናት ማለታቸው ነው። ልጃቸው ላባ ሰክቶ የታይኖ ስብሰባ ሲሄድ ግን ይስቁበት ነበር።

ይህን ይዤ አማካሪዬ ዘንድ ብሄድ፣ «የሌለ ሕዝብ አይጠናም» ብሎ ርዕሴን አስቀየረኝ። በሌላ ጉዳይ ተመረቅሁ። አሮጊቷም አረፉ፤ ድምፃቸውን የቀዳ ማንም የለም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እ.ኤ.አ. በ1787 የፖርቶ ሪኮ ቆጠራ ከ2,300 በላይ «ኢንዲዮ» ተመዝግቦ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ዓምዱ ተሰረዘና ሰዎቹ ከሌሎች «ባለ ቀለም» ነፃ ሰዎች ጋር ተደባለቁ። ማሪካዎ አካባቢ ያለው ተራራማ ቀበሌ ግን አሁንም ኢንዲዬራ፣ «የኢንዲዮዎች ቦታ» እንደ ማለት፣ ይባላል። አማካሪዬ መዝገቡን አምኖ ካርታውን አላየም።

የዛሬ ልጆች ደግሞ ምራቃችሁን በብልቃጥ ልካችሁ ማንነታችሁን በኢሜይል ትጠብቃላችሁ። ዲኤንኤ ይህን ጥያቄ አይፈታም። እንዲህ እላለሁ እንጂ፣ የዘረመል ተመራማሪው ማርቲኔስ ክሩሳዶ 61 በመቶ የሚሆኑ ፖርቶ ሪካውያን በእናት በኩል የቀደምት አሜሪካውያን ዘር እንዳላቸው ሲያሳይ ደስታዬን አልቻልኩትም። እ.ኤ.አ. በ2018ም ከባሃማስ ዋሻ የወጣ የሺህ ዓመት ጥርስ ከዛሬዎቹ ፖርቶ ሪካውያን ጋር ዝምድና እንዳለው ሲነገር ጽሑፉን አትሜ ግድግዳዬ ላይ ለጠፍኩት።

ታይኖ ነኝ ማለት ከአፍሪካዊነት መሸሻ ነው የሚሉ ተቺዎችም አሉ። ሐሰት ነው አልልም፤ የአሮጊቷ ልጅ ጥቁረቱን ሲያስተባብል ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ሰምቻለሁ፣ ከፍቶኛልም። ይህም በጥናታችሁ ይግባ።

ስፓኒሽ ተማሩ ብዬ አልመክርም፣ ያለሱ እንደማይሆን ታውቃላችሁ። ኩባ ከደረሳችሁ የጓንታናሞ ተራሮች ላይ ያለችውን የኢንዲዮዎች መንደር፣ ካሪዳድ ዴ ሎስ ኢንዲዮስን፣ ሳታዩ አትመለሱ። አማካሪ እምቢ ቢል ሌላ አማካሪ ይፈለጋል፤ የሽማግሌዎቹን ድምፅ ግን አስፈቅዳችሁ በዚህ ክረምት ቅዱ።